ይጣበቅ ወይስ ይጠቅለል?

በአማርኛ ጋራዥ ማለት መኪና ታሞ የሚተኛበት ቦታ ነው። ፈረንጆቹ ዘንድ ግን ጤነኛ መኪና ከባለቤቱ ጋር የሚያድርበት ክፍል ነው። ሸዋ ሮቢት ያለው የእኛ ጋራዥ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። ወርዱ 3 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ40፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ፣ ወለሉ ሊሾ። ማታ የወንድማችን ባጃጅ ያድርበታል። ቀን አባባ የሰው ክሪክ ይጠግኑበታል። ማሽላ ሲሰበሰብ ጆንያ ይደረደርበታል፤ እንግዳ ሲበዛ ፍራሽ ይነጠፍበታል፤ እማዬም አንዳንዴ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ሽንኩርት ትልጥበታለች። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራ ክፍል ‹‹ጋራዥ›› ብቻ መባሉ በደል ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ዛሬ የምናወጋችሁ ይህን ክፍል በገዛ እጃችን ጎማ ስላለበስንበት ነገር ነው። ‹‹ሀገር እንዲህ ሆኖ እናንተ ስለ ወለል?›› የምትሉ አትጠፉም። ታገሱን። ወለሉ ራሱ ወደ ሀገር ጉዳይ ይወስደናል።

‹‹እኛ›› ስንል ሦስት ነን፤ ባጃጅ የሚነዳ ወንድም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ታናሽ እህት፣ እና ጋዜጠኝነት ተመርቃ ‹‹ለጊዜው›› ቤተሰቦቿ ጋር ያለች ልጅ። (‹‹ለጊዜው›› የምትለዋ ቃል ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።) የምትጽፈው ሦስተኛዋ ናት፤ ጎማውን የቆረጥነው ግን ሦስታችንም ስለሆንን ‹‹እኛ›› እንላለን።

ነገሩ የተጀመረው በ2016 ክረምት ነው። አንድ ቀን ጠዋት አባባ ክሪክ ተሸክመው ወደ ጋራዡ ሲገቡ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ የገባ የዝናብ ውሃና የባጃጅ ዘይት የተገናኙበትን ቦታ ረገጡ። ሊሾ ደረቅ ሲሆን መስታወት ነው፤ ዘይትና ውሃ ከነካው ሳሙና ነው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ስምንት ሳምንት በጄሶ ታስረው ተቀመጡ። ጄሶው ሲወልቅ እጁ ድኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አባባ ወደ ጋራዡ የሚገቡት ግድግዳ እየዳበሱ ሆነ። ክሪክ ይዞ የሚመጣው ሰውም ‹‹እስኪ ነገ ብቅ በል›› እየተባለ ይመለስ ጀመር። ሥራ ያስተዋቸው ሕመም አልነበረም፤ ወለሉ ነበር።

አባባን ለማታውቁ፦ ሹፌር ነበሩ። በኤንትሬ ተሳቢ እየጎተቱ አሰብ ሲወርዱና ሲወጡ ነው ያረጁት። ወደ አሰብ በአዋሽ በኩል የሚወርድ መንገድ ቢኖርም እሳቸው የሚጭኑት ለኮምቦልቻና ለደሴ ስለነበረ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው ነው የሚወርዱት። ሲመለሱ ቤታቸው መንገድ ላይ ነው። በ1990 ግንቦት የኤርትራ ጦርነት ሲጀመርና አሰብ ለኢትዮጵያ ጭነት ሲዘጋ መኪናው ተሸጠ፤ እሳቸው ከመሪ ወደ ክሪክ ወረዱ። እናም ጎማ ለአባባ እንግዳ ነገር አይደለም። አይናቸውን ጨፍነው በሽታው ብቻ አዲስና አሮጌ ይለያሉ፤ የጥርሱን አበላል አይተው ‹‹ይሄ ሹፌር ፍሬን ይወዳል›› የሚሉ ሰው ናቸው። ‹‹ወለሉን እናልብሰው›› ስንላቸው ግን የመለሱልን አንድ ነገር ነበር። ‹‹ጎማ እኮ ሲሮጥ ነው እንጂ ተኝቶ አላውቀውም።››

ሌላ አማራጭ አላየንም ማለት አይደለም። ሴራሚክ አሰብን፤ እርጥብ ሲሆን ከሊሾ የባሰ ነው፤ 10 ኪሎ ክሪክ ሲወድቅበት ደግሞ ይሰነጠቃል። የፕላስቲክ ምንጣፍ አሰብን፤ የባጃጅ ጎማ ቆሞ ሲጠመዘዝበት እንደ እንጀራ ይቀደዳል። ሊሾውን በመሮ ወቅረን ሻካራ ማድረግም አሰብን፤ እሱ ዘይቱን ይጠጣና ለዘላለም አይለቅም። የቀረው ጎማ ነው።

ጎማውን ያገኘነው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። (መርካቶን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሌላው ከተማ የጣለውን ዕቃ ሁለተኛ ነፍስ የሚዘሩበት ሰፈር ነው።) ሻጩ እንደነገረን ጎማው ሕንፃው ለኮሪደር ልማት ከፈረሰበት ጂም የተነቀለ ነው። 1 ሜትር ከ20 ወርድ፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ጥቁር ሆኖ ግራጫ ነጠብጣብ ያለበት። 17 ሜትር ገዛን። ዋጋው አዲስ ከሚሸጥበት ከግማሽ በታች ነበር። ክብደቱ ሁለት ኩንታል አይሞላም፣ ከአንድ ተኩል ግን ይበልጣል። ስለዚህ በአውቶቡስ አይመጣም። ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ የሚወጣ የሰፈራችን አይሱዙ ባዶውን ሲመለስ እንዲያመጣልን ተነጋገርን። በክልሉ ግጭቱ ተቀስቅሶ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ አንስቶ ደግሞ መንገዳችን ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ የሚሆንበት ጊዜ በዝቷል። ጎማችን ለሦስት ሳምንት መርካቶ ተቀምጦ መንገድ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። መጠበቅ ደግሞ ለማንበብ ጊዜ ይሰጣል።

ያነበብነውን እናካፍላችሁ። ጥሬ ጎማ ከዛፍ የሚቀዳ ወተት መሰል ነገር ነው። በሙቀት ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፤ በብርድ ደግሞ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በፈረንጆቹ 1839 ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ ጎማን ከድኝ ጋር ሲያሞቀው ሙቀትም ብርድም የሚችል ነገር እንደሚሆን ደረሰበት። መኪና የሚባለው ነገር በአየር በተሞላ ጎማ ላይ መሮጥ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። የጂም ወለል የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ፣ በማያያዣ ኬሚካል ተለውሶና ተጨፍልቆ የሚሠራ ነው። ይህን ለአባባ ስናነብላቸው ፊታቸው በራ። ‹‹እንግዲያው እነዚህ ኪሎ ሜትራቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸዋ!›› አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማውን መቃወም ተዉ።

ኢንተርኔት ላይ ‹‹በገዛ እጅዎ የጋራዥ ወለል ያንጥፉ›› የሚል ቪዲዮ ሞልቷል። ሁሉንም አየናቸው። ሁለት መኪና የሚይዝ ጋራዥ ውስጥ አንድ ንጹሕ ሰውዬ ጎማውን እንደ ሰሌን ይዘረጋና በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይጨርሳል። ጋራዡ የእኛን ግቢ ያህላል። ልዩነታችን ግን የጋራዡ ስፋት አልነበረም፤ ሙቀቱ ነበር።

ሸዋ ሮቢትን ካላወቃችኋት እንዲህ ናት። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጣርማበር ዋሻ (ጣሊያን የቆፈረው) ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሰው እዚያ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በደብረ ሲና ቁልቁል ትወርዱና 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ 1,300 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። ጋቢው ይወልቃል፤ ቀጥሎ ሹራቡ፤ ቀጥሎ መስኮቱ ይከፈታል፤ ማንጎ የሚሸጡ ልጆች ከበው ሲጮሁ ይፋት ቆላ ገባችሁ ማለት ነው። ሰው እንዲህ ከሆነ ጎማስ? ጎማም ሲሞቀው ይዘረጋል። ለአንድ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ፣ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ኮንክሪት የሚረዝመው የዚያን አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ማለትም ከላይ ያለው ጎማ ሲለጠጥ ከሥር ያለው ሊሾ ‹‹እኔ የትም አልሄድም›› ይላል።

ዶሮ ከሚያረባ ጎረቤት ቴርሞ ሜትር ተውሰን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቀልን። በጥር ንጋት ላይ 16 አነበብን፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት 34። በግንቦት ከሰዓት በኋላ 40 ደርሷል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ቸርነቱ አያልቅም። ወለሉ ራሱ እንደ አየሩ አይዋዥቅም፤ የ20 ዲግሪ ልዩነት ብንይዝ ግን 5 ሜትር ከ40 የሆነው ጎማችን ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ሊረዝም ይችላል። ጎማው ግድግዳውን ተጠግቶ ከተነጠፈ ያ ሁለት ሳንቲም መሄጃ ሲያጣ መሀል ላይ እንደ ግመል ሻኛ ይነሳል። አባባ የፈሩት መውደቅ በሌላ በር ይመጣል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በአራቱም ግድግዳ በኩል አንድ አንድ ሳንቲም ክፍተት መተው። ጎማውንም ቢያንስ ሁለት ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ዘርግቶ ማሳደር፤ የጥቅልልነት ልማዱን እንዲተውና የአገሩን ሙቀት እንዲለምድ። እኛ ሦስት ሌሊት አሳደርነው። ለሦስት ቀን የሰፈሩ ድመት ሁሉ እዚያ ተኛ።

ሁለተኛው ነገር እርጥበት ነው። የጋራዡ ሊሾ ሲሠራ ከሥሩ ላስቲክ አልተነጠፈም፤ ያኔ ማን ያነጥፋል? ስለዚህ ክረምት ላይ ውሃው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ይወጣል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አድርጎ ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግና አንድ ቀን ማሳደር ነው። በማግስቱ ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ ይተነፍሳል ማለት ነው። በነሐሴ ሞከርነው፤ ጤዛ አገኘን። በጥር ሞከርነው፤ ደረቅ ነበር። ስለዚህ የማንጠፊያ ወራችን ጥር ሆነ፤ 2017።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተስማማ። ጠቡ የመጣው በማስቲሽ ነው።

ወንድማችን አንድ ጎማ ሠሪ ጓደኛውን አማክሮ ‹‹ማስቲሽ አያስፈልግም፤ ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል›› ብሎ መጣ። እማዬ ግን ከሽንኩርቷ ቀና ብላ ‹‹ይጣበቅ›› አለች። ለምን እንላታለን። ‹‹የሚጠቀለል ነገር ሰው ይወስደዋል።›› ወንድማችንም ወዲያው፣ ‹‹እማዬ፣ ካልተጣበቀ እኮ እኛም ይዘነው መሄድ እንችላለን›› አላት።

ዝም ተባለ። አያችሁ፣ ስለ ጎማ እያወራን አልነበረም።

በ2013 ሚያዝያ ከእኛ በስተሰሜን ያለችው አጣዬ ስትቃጠል ጭሱን ባናይም ሰዎቹን አይተናል፤ በእኛ ከተማ በኩል ነው ያለፉት። በ2014 ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እኛው ጋ ደረሰ። ደብረ ብርሃን ገባን፤ የቆላ ልጆች በኅዳር ብርድ ምን እንደሆንን አትጠይቁን። ኅዳር 22 ቀን መንግሥት ሸዋ ሮቢትን መልሶ መያዙን አስታወቀ፤ እኛ የተመለስነው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ፍራሽ የለም። የፕላስቲክ ምንጣፍ የለም። መጋረጃ፣ ሰሌን፣ የእማዬ ጥሎሽ የሆነው ስጋጃ፣ የለም። ማን እንደወሰደው አልጠየቅንም፤ ከተማው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው። ጋራዡ ውስጥ የቀረው ሊሾው ነው። እማዬ እዚያ ባዶ ሊሾ ላይ ቁጭ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ከዚያም ተነስታ በኦሞ አጠበችው።

ለእሷ እንግዲህ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የተጣበቀ ይቀራል። ለወንድማችንም ግልጽ ነው፤ የተጣበቀ ይቀራል። ቃሉ አንድ፣ ሐዘኑ ሁለት። እሷ ቤቱን ታስባለች፤ እሱ ቤተሰቡን ያስባል። ደግሞ በከተማችን ይህ የእኛ ቤት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2014 በኋላ በር የማይቀይር፣ ግድግዳ የማይቀባ፣ የተሰበረ መስታወት በካርቶን ከድኖ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ቤት በየመንደሩ አለ። ገንዘብ ጠፍቶ ብቻ አይደለም። አንዱን ጎረቤታችንን ‹‹ለምን አታሠሩትም?›› ስንላቸው ‹‹ለማን?›› ነበር መልሳቸው። ሰው ገንዘቡን ስልክ ላይ፣ ወርቅ ላይ፣ ሞተር ላይ ያውለዋል፤ ሲነሱ አብሮ በሚነሳ ነገር ላይ። ወለል ላይ ገንዘብ ማፍሰስ በዚህ ሰፈር ትንሽ እንደ ዕብደት ይታያል።

ይፋት ራሷ ይህን ክርክር ከዛሬ ጀምራው ቢሆን ጥሩ ነበር። ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የይፋት ሡልጣኔት የነበረባት፣ የዘይላ ንግድ ወደ ደጋ የሚወጣባት አገር ናት። ኖራና አስበሪ የሚባሉት የዚያ ዘመን ከተሞች ዛሬ የድንጋይ ፍርስራሽ ናቸው። የመስጊድ ግድግዳ ተርፏል፤ ሰዎቹ የሰገዱበት ምንጣፍ አልተረፈም። እማዬ ይህን ብትሰማ ‹‹አላልኳችሁም?›› ትል ነበር። ወንድማችንም ‹‹ሰዎቹስ ወዴት ሄዱ?›› ይል ነበር። ስለዚህ አልነገርናቸውም።

ክርክሩን የፈታው ታሪክ ሳይሆን ያው ሙቀትና እርጥበት ነው። ማስቲሽ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ጎማው እየተለጠጠ ሊሾው እምቢ ሲል መሀላቸው ያለው ማስቲሽ ነው የሚጎተተው፤ ከሥር ደግሞ እርጥበት ሲገፋው በየቦታው ይለቅና ጎማው ይነፋል። ይህን ሁሉ የምንችል ልዩ ማጣበቂያ አለ ይባላል፤ ዋጋው ከጎማችን ይበልጣል። የማስቲሹ ሽታም አለ፤ በዚያ ሙቀት በተዘጋ ክፍል ውስጥ 17 ካሬ ማስቲሽ መቀባት ሦስታችንንም አስክሮ መጣል ነው። ለእማዬ ይህን አስረዳናት። አዳመጠች። ‹‹ቢያንስ አንድ ጎኑ ይያዝ›› አለች።

ተያዘ። የበሩ በኩል ያለውን ጫፍ በጠፍጣፋ ብረት ከላይ ጨቁነን በፊሸርና በስድስት ብሎን ከሊሾው ጋር አሰርነው። ለሥራውም ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው፤ ባጃጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚገፋው ያንን ጫፍ ስለሆነ። ሌላው ወገን በሙሉ ነጻ ነው። ብሎኖቹን ያጠበቀችው እማዬ ራሷ ናት፤ ካቻቢቴውን ከአባባ ተቀብላ፣ አንድ በአንድ።

አሠራሩን ለምትፈልጉት በአጭሩ። መጀመሪያ ዘይቱን በአመድ አስመጥተን በኦሞ አጠብን፤ ስንጥቁን በሲሚንቶና በደቃቅ አሸዋ ሞላን፤ የበሩን ደፍ 3 ሳንቲም ከፍ አደረግን፣ የመንገዱ ውሃ ተመልሶ እንዳይገባ። ከዚያ የክፍሉን ማዕዘን ለካን። ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፦ ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት ታደርጋላችሁ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ነው። የእኛ አልሆነም። ክፍሉ ወደ ውስጥ ሲገባ በ2 ሳንቲም ተኩል ይጠባል። ግድግዳውን ያቆሙት አባባና አንድ ጓደኛቸው መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ሦስታችንም ወደ ጣሪያው አየን። ስለዚህ ግድግዳውን ማመን አይቻልም። ጠመኔ የተቀባ ሲባጎ ወጥረን ወለሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ረገጥን፤ ጎማው የሚከተለው ያንን መስመር ነው፤ ጠማማነቱን የሚሸከመው የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ነው።

ሦስት ቁራጭ ነው የሆነው፤ ሁለት ሙሉ፣ አንዱ ወርዱ የተቀነሰ። መጋጠሚያዎቹ የባጃጁ ጎማዎች ከሚቆሙበት እንዲርቁ አድርገን ደረደርን፤ በቀኝ በኩልም ለአባባ በርጩማ አንድ ሜትር የሚበልጥ ቦታ ተረፈ። ስንቆርጥ ከሥሩ ጣውላ፣ ከላዩ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ፣ በእጅ አዲስ ምላጭ ያለው ካተር። ምስጢሩ አለመቸኮል ነው፤ አንድ ጊዜ በኃይል ሳይሆን አራት ጊዜ በቀስታ። ምላጩን በሳሙና ውሃ ማርጠብ በጣም ይረዳል። መጋጠሚያውን ከሥሩ በሰፊ የጨርቅ ፕላስተር አያያዝነው፤ ጎማን ከጎማ እንጂ ጎማን ከወለል አይደለም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ አምስት ሰዓት ላይ ጨረስን።

በዚህ መሀል ግቢው የተመልካች አዳራሽ ሆኖ ነበር። አንዲት እትዬ፣ ከካተሩ ጋር የምትታገለዋን ተመራቂ ለብዙ ደቂቃ ካዩ በኋላ፣ ‹‹አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ ለዚህ ነው?›› አሉ። ታናሻችን ፈጥና ‹‹እትዬ፣ ሜትር ማንበብ እዚያ ነው የተማረችው›› አለቻቸው። ሳቅን። ግን ጥያቄው ቀልድ ብቻ አልነበረም። የተማረ ሰው እጁ ጥቁር ሲሆን ትምህርቱ እንደከሰረ የሚቆጥር ሰፈር ውስጥ ነው ያደግነው፤ ይህን የምታነቡም አብዛኞቻችሁ እንደዚያው። ጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ ‹‹ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት›› እያሉ አራት ዓመት አስተማሩን። ከ‹‹እንዴት›› ጋር እንደዚያን ቀን ተፋጠን አናውቅም።

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቤንዚንና ዘይት የጎማ ጠላት ነው፣ ሲቆይ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ከባጃጁ ሞተር ሥር ከአሮጌ ቆርቆሮ የተጣጠፈ ትሪ አለ፤ ወለሉ የሚታጠበው በሳሙና ብቻ ነው፣ በጋዝ ተወልውሎ አያውቅም። በሩ ሲከፈት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ስለሚያርፍበትም መጋረጃ ተሰቅሏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሽታ ነበረው፤ አባባ ካልሆኑ በስተቀር ሁላችንም ተማረርን። እሳቸው ‹‹አሰብ አሰብ ይላል›› እያሉ በርጩማቸውን አስገብተው ተቀመጡ። ግድግዳ መዳበሳቸው መቼ እንደቆመ አናውቅም፤ አንድ ቀን ሁለት ክሪክ በሁለት እጃቸው ይዘው ሲገቡ ነው ያየናቸው።

በግንቦት ጎማው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ተዘርግቶ ክፍተቱ ጠቦ ነበር፤ አልተነሳም። በነሐሴ አንዱን ጥግ ገልጠን ስናይ እንደጠበቅነው ከሥሩ እርጥብ ነበር፣ ትንሽም ሻግቷል። ሦስታችን ወደ መሀል አጠፍነው፣ ጠረግን፣ በሩን ከፍተን አናፈስነው፣ በማግስቱ መለስነው። እማዬ ሲጠቀለል አይታ ምንም አላለችም። ብሎኖቹ ጋ ሄዳ ግን አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

የተረፈን 42 ሳንቲም ገደማ ወርድ ያለው ረጅም ቁራጭ ነበር። ከአስፋልቱ ዳር በረባሶ ለሚሠራው ሰውዬ ወሰድንለት፤ አገላብጦ አይቶ መለሰልን። ‹‹ይሄ የተፈጨ ነው፣ ክር የለውም። እግር ላይ አይቆይም›› አለ፤ በረባሶ የሚወጣው ውስጡ ክር ካለው ከእውነተኛ የመኪና ጎማ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ አንድ ሜትር ተኩሉን ለውዱእ የሚታጠቡበት ሊሾ ላይ እንዳይንሸራተቱ ብለው ወሰዱ፤ በማግስቱ አንድ ሳህን ፓፓያ ላኩልን። ቀሪውን እማዬ ጠቅልላ በሲባጎ አሰረችውና አልጋዋ ሥር አስገባችው። ‹‹ለኩሽና ነው›› አለች። ይኸው ጥር ሊደርስ ነው፤ እስካሁን ኩሽና አልገባም።